ጣቱን መጋዝ ለቆረጠው ወንድም፦ ይፈርም ወይስ ይክሰስ?

ጥያቄው፦ «ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ሦስት ዓመት ሠርቷል። የጽሑፍ ውል የለውም፤ በወር 9,000 ብር ይከፈለው ነበር። ጥር 6 ቀን በሰርኩላር መጋዝ ጣውላ ሲሰነጥቅ የቀኝ እጁን ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ቆረጠው። ማሽኑ መከለያ አልነበረውም፤ አሁን ግን ገጥመውለታል ይላሉ። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ከፈለ፣ የአንድ ወር ደመወዝ ሰጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። አምስት ወር ሊሞላው ነው። ሰሞኑን ደውሎ ‹ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ቢሆንም ለነፍሴ ብዬ 20,000 ብር ልስጠውና ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም ብሎ ይፈርም› አለን። ይፈርም? ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

እህቴ፣ አይፈርም። ሌላውን ቀስ እያልን እናየዋለን፤ ይቺን ግን ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው።

በመጀመሪያ «ጥፋቱ የራሱ ነው» የምትለዋን ነገር ከመንገድ እናንሳት። በጥብቅና በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት ከምስክር እጦትም ከገንዘብ እጦትም ይልቅ ሠራተኛን ባዶ እጁን የምታስቀር ይቺ ናት። ሰው እጁ ተቆርጦም ራሱን ይከሳል፤ «ትንሽ ብጠነቀቅ ኖሮ» እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። አሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ ቀድሞ ይናገራታል። ሕጉ ግን ነገሩን ከዚያ አይጀምርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 እንደሚለው፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ባይኖርበትም! ወንድምሽ ሐሳብ ይዞት ሄዶ ይሁን፣ ጣውላው ጠማማ ሆኖበት ይሁን፣ መጋዙ ደንዝዞ ይሁን፣ በዚህ አንቀጽ ለሚጠየቀው ክፍያ ለውጥ የለውም።

አሠሪው የሚያመልጥባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ አሠሪው አይጠየቅም። ሕጉ «ሆን ብሎ» ከሚላቸው ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል፦ አንደኛው አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ወይም ያወጣውን የአደጋ መከላከያ ደንብ መጣስ ነው፤ ሁለተኛው ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት። እንግዲህ ባለቤቱ «ተጠንቀቁ እላቸው ነበር» ቢል አይበቃውም። የትኛውን መመሪያ፣ መቼ፣ ለማን ሰጠ? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ነበር? የተፈረመበት ወረቀት አለ? አብዛኛው የእንጨት ሥራ ቤት ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያና የዕዳ መዝገብ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ በያዝኩት ተመሳሳይ ክርክር አሠሪው «ጓንት አድርግ ብዬው እምቢ አለ» አለ። ምስክር ሆነው የመጡ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሳቅ አሉና «ክቡር ዳኛ፣ ሰርኩላር ላይ ጓንት ያደረገ ሰው ጣቱን ሳይሆን እጁን ነው የሚሰጠው፤ የመጋዙ ጥርስ ጨርቁን ይዞ ይስበዋል» አሉ። ያ ክርክር እዚያው አለቀ። ይህን የማነሣው አሠሪው የሚያቀርበው «መመሪያ» ለሥራው የሚሆን መሆኑም እንደሚፈተሽ እንድታውቂ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ምስክር ሆኖ ቢገኝ ከሦስት ጠበቃ ይበልጣል።

ጥፋት የማን ነው የሚለው በዚህ መንገድ ካልተጠየቀ ክርክሩ ምን ላይ ይሆናል? ሁለት ነገር ላይ፦ «ሠራተኛዬ አልነበረም» እና «እኔ ጋ አልተጎዳም»። ባለቤቱ ዛሬ ሁለቱንም አያነሣም፤ መጥሪያ ሲደርሰው ግን ያነሣቸዋል፣ አትጠራጠሪ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የጽሑፍ ውል አለመኖር ወንድምሽን ከመብቱ አያወጣውም። በቃል የተደረገ የሥራ ውል ውል ነው። እንዲያውም በቃል ሲቀጥር በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት ያለበት አሠሪው ነው፤ አለመስጠቱ ሠራተኛውን አይጎዳም ይላል ሕጉ። «በቁራጭ ነበር የሚሠራው፣ በሠራው ልክ ነው የምከፍለው» ቢልም አያድነውም፤ የሥራ ውል በተወሰነ ጊዜ፣ ባልተወሰነ ጊዜ ወይም በቁርጥ ሥራ ሊሆን ይችላል። ዋናው በአሠሪው አመራር ሥር በደመወዝ መሥራቱ ነው።

ይህን በምን እናሳያለን? በስልኩ። ደመወዙ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባለት ከነበረ ከባንኩ ማኅተም ያለበት የሦስት ዓመት መግለጫ አውጡ። በእጅ ከነበረም ተስፋ አትቁረጡ፤ «ነገ ቶሎ ግባ፣ የደንበኛ በር አለብን» የሚል የቴሌግራም መልእክት፣ በሥራ ልብሱ ማሽኑ አጠገብ የተነሣው ፎቶ፣ ዕቃ ያስረከበበት ወረቀት፣ ጎረቤት ሻይ የምታፈላዋ ሴት፣ ሁሉም ያገለግላሉ። ምስክር ሲመረጥ አሁን እዚያው ከሚሠሩት ይልቅ ሥራውን የለቀቁትን አስቀድሙ። ሠራተኛ በክርክር ስለተሳተፈ ማባረር በአዋጁ ሕገወጥ ቢሆንም፣ ልጆች ያሉት ሰው በዚህ አንቀጽ ተማምኖ አለቃው ፊት ቆሞ እንዲመሰክር መጠበቅ ከባድ ነው። የለቀቀ ሰው አንደበቱ ይፈታል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ድርጅቱ በር ላይ የተጻፈው ስምና የንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሰሌዳው የልጁን ስም ይዞ ፈቃዱ በሚስቲቱ ስም ይሆናል። በተሳሳተ ስም የተመሠረተ ክስ ሦስትና አራት ወር ከተጓዘ በኋላ «እኔ አይደለሁም» በሚል መቃወሚያ ይወድቃል፤ ያ ጊዜ ደግሞ አይመለስም። ክስ ከመጻፉ በፊት ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይጣራ።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ «እኔ ጋ አልተጎዳም» ወደሚለው። እዚህ ላይ የሁሉም ነገር ቁልፍ የሆስፒታል ካርዱ ነው። እባክሽ ይህን ቶሎ እዩት፦ ካርዱ ላይ የጉዳቱ ምክንያት ምን ተብሎ ተጽፏል?

የማልረሳው ጉዳይ አለኝ። ልጁን ወደ ሆስፒታል የወሰደው የሥራው ኃላፊ ነበር። ልጁ ደም ፈሶት ራሱን ስቷል፤ ለካርድ ክፍሉ የተናገረው ኃላፊው ነው። «እቤቱ ዕንጨት ሲፈልጥ» አለ። እንዲሁ ተጻፈ። ከስምንት ወር በኋላ ካርዱን አይቼ ልጁን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ያዳነን የቀዶ ሐኪሙ ማስታወሻ ነው፦ ቁስሉ ሲታጠብ «ብዙ የደቀቀ የእንጨት ብናኝ» እንደወጣ፣ ቁርጡም «በሚሽከረከር ስለታም ነገር» የተቆረጠ እንደሚመስል በእንግሊዝኛ በሁለት መሥመር ጽፎ ነበር። መጥረቢያ ብናኝ አያወጣም። ያንን ሐኪም ዛሬም አመሰግነዋለሁ፤ እርሱ ግን የሠራው የዕለት ሥራውን ነው።

ስለዚህ ወንድምሽ በሚቀጥለው የቁስል ወይም የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮው ለሐኪሙ የሆነውን በትክክል ይንገር፣ «በሥራ ቦታ፣ በመጋዝ ማሽን፣ ጥር 6 ቀን» ተብሎ እንዲመዘገብ ይጠይቅ፤ ከዚያ የሕክምና ማስረጃ ያውጣ። ከዚህ በፊት የተጻፈውን ሰርዙልኝ አይበል፤ ተሰርዞ የተጻፈ ካርድ ከተሳሳተው የባሰ ጥርጣሬ ይፈጥራል። አዲሱ በአዲስ ቀን ይጻፍ።

ከካርዱ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ድርጅቶች የተጎዳውን ሠራተኛ በፋይሉ ላይ «የሕመም ፈቃድ» ብለው ይይዙታል። ቀላል የቃል ልዩነት ይመስላል፤ ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። ተራ የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ቢበዛ ስድስት ወር ሲሆን የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ይህ ግን ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ለተኛ ሰው ነው። በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ የቀሩት ስድስት ወራት 50 በመቶ፤ በጠቅላላው እስከ አንድ ዓመት። ሐኪም «ድኗል፣ ወደ ሥራ ይመለስ» ሲል ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያው ሲጀምር ከዓመቱ በፊትም ይቆማል።

በወንድምሽ ላይ እናስላው። 9,000 ሲባዛ በሦስት 27,000 ብር። አራተኛውና አምስተኛው ወር በ75 በመቶ፣ ማለትም 6,750 እና 6,750፣ 13,500 ብር። እስከ ዛሬ 40,500 ብር። የተሰጠው የአንድ ወር 9,000 ሲቀነስ 31,500 ብር ይቀረዋል። ባለቤቱ «ለነፍሴ ብዬ» ያለው 20,000 ብር እንግዲህ በእጁ ካለው የወንድምሽ ገንዘብ እንኳ ያንሳል። ዓመቱን ሙሉ መሥራት ባይችል ደግሞ ይህ ክፍያ ብቻውን 74,250 ብር ይደርሳል።

ሕክምናው ከዚህ ውጭ ነው። አሠሪው የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና በመክፈሉ አልጨረሰም። አጠቃላይም ልዩም ሕክምና፣ ሆስፒታል መተኛት፣ መድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካል በእርሱ ላይ ናቸው፤ ሕክምናው የሚያበቃውም የሕክምና ቦርድ፣ ማለትም ጉዳቱን መርምሮ የሚወስነው የሐኪሞች ጉባኤ፣ ሲወስን ነው። አንቺ የገዛሻቸውን መድኃኒቶች ደረሰኝ ሰብስቢ። ማኅተም የሌላት በብጫቂ ወረቀት የተጻፈች ዋጋ ፍርድ ቤት ብዙ አታሳምንም፤ ፋርማሲው ዛሬም ደንበኛ ደረሰኝ ሊሰጥሽ ይችል እንደሆነ ጠይቂ።

ቀጥሎ ትልቁ ገንዘብ፣ የዘላቂ ጉዳት ካሣ ነው። ሁለት ጣት ማጣት ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ነው፤ መቶኛውን የሚወስነው ግን እኔም አይደለሁ፣ ዳኛውም አይደለም፣ የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ ይወስናል፤ በኋላ ሁኔታው ቢባባስ ወይም የመጀመሪያው ምርመራ ስህተት ቢሆን እንደገና ሊታይ ይችላል። የመንግሥት ሆስፒታሎች ቦርድ በአብዛኛው አንድ ሰው በራሱ እግር መጥቶ «መርምሩኝ» ስላለ አይቀመጥም፤ ከአሠሪው፣ ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ይጠይቃል። አሠሪው ደብዳቤ እስኪሰጥ አትጠብቁ። ክሱን መሥርቶ በዚያው ማመልከቻ «ቦርድ እንዲታይ ይታዘዝልኝ» ማለት ይቻላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ካሣውን የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ሦስት በር አለው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የመድን ዋስትና ገብቶ ከሆነ በዚያ ይሄዳል። መድን ከሌለና ሠራተኛው በጡረታ የታቀፈ ከሆነ በጡረታ ሕጉ ይሄዳል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ይህ አሁን አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሠራተኛው በጡረታ ያልታቀፈ ከሆነ አሠሪው ራሱ ከኪሱ ይከፍላል፦ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ለማይችል የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ለከፊል ጉዳት ከዚያው ላይ በመቶኛው ልክ። የወንድምሽ የዓመት ደመወዝ 108,000 ነው፤ በአምስት 540,000 ይሆናል። ቦርዱ ለምሳሌ 20 በመቶ ቢል 108,000 ብር፤ 30 በመቶ ቢል 162,000 ብር። መቶኛውን ለሒሳቡ ያህል ነው ያመጣሁት፤ እጁን አላየሁትም።

ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥ እንደነበር ጠይቂው። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ለጡረታ ማስገባት ነበረበት። ወንድምሽ እንደሠራበት ባለ ድርጅት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ይህ ነው፦ ሠራተኛው በሕግ በጡረታ መታቀፍ ነበረበት፣ በተግባር ግን አልተመዘገበም። ያን ጊዜ አሠሪው «ወደ ጡረታ ሂድ» ይላል፣ ጡረታው «አላውቅህም» ይላል። በሁለቱ መካከል እንዳይመላለስ ክሱ በአማራጭ ይጻፋል፤ አሠሪው አስመዝግቦ ባለመክፈሉ ካሣውን ራሱ ይክፈል፣ ይህ ካልሆነ ደግሞ የሚከተለው ይፈጸምልኝ እየተባለ። ይህን አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋችኋል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ጥፋት የማይጠየቅበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው እዚሁ ያቆማል፤ ብዙ ጠበቃም እንደዚያው። እኔ ግን በእናንተ ጉዳይ ላይ የምሰጋው መከለያው እንዳይረሳ ነው።

ያው አንቀጽ 96 ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ ሠራተኛው በሌላ አግባብ ባለው ሕግ ካሣ የመጠየቅ መብቱ እንደተጠበቀ ነው ይላል። ያ ሌላ ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ጥፋትን ማስረዳት አለብን። ግን አንቀጽ 2035 ሥራችንን ያቀልልናል፦ ሕግ በግልጽ የደነገገውን የጣሰ ሰው ጥፋት ሠርቷል። አዋጁ በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ አደጋው እንዲያስጠነቅቅና እንዲያሠለጥን፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ የሚደርሱ አደጋዎችንም እየመዘገበ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። መከለያ በሌለው መጋዝ ላይ ሰው ያሠራ፣ አደጋውን ለማንም ያላሳወቀ አሠሪ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ፈጸመ?

በዚህ መንገድ የሚጠየቀው በመቶኛ ሠንጠረዥ የታሰረ አይደለም፤ ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። የ26 ዓመት የእንጨት ባለሙያ ቀኝ እጁ ሁለት ጣት ሲያጣ እስከ ጡረታው ዕድሜ የሚያጣው ገቢ ይሰላል። በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ መስሎ በታየው መጠን፣ ይወስናል። አሠሪው በመጀመሪያው መንገድ የከፈለው ይታሰብለታል፤ አንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ አይካስም። የኅሊና ጉዳት ካሣም አለ፣ ግን ብዙ አትጓጉ፦ አንቀጽ 2116 ጣሪያውን በ1,000 ብር ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈው 1,000 ብር ዛሬም 1,000 ብር ነው። እንጨት ቤቱ ለአንድ በር እጀታ ከዚያ በላይ ያስከፍላል።

መከለያው አሁን ተገጥሟል ብለሻል። ይህ እኛን አይጎዳንም፣ የሚመሰክር ከተገኘ። መቼ ተገዛ? ማን ገጠመው? የገጠመው ብየዳ ቤት በሰፈሩ ካለ ማን እንደሆነ እወቁ። ከጥር 6 በፊት ሠራተኞቹ በስልካቸው ያነሡት ቪዲዮ ካለ ደግሞ ወርቅ ነው፤ ወጣቶች ሥራ ላይ ቲክቶክ እንደሚቀርጹ ታውቂያለሽ፣ ከጀርባ የሚታየው ማሽን እርቃኑን ከሆነ ይበቃናል። ቪዲዮውን ግን አሁኑኑ ወደ ሌላ ስልክ ይቅዱት።

ለፖሊስ ማመልከትስ? በቸልተኝነት አካል ማጉደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ያስቀጣል። ወንድምሽ ከፈለገ ሊያመለክት ይችላል፣ የፖሊስ ምርመራም ማስረጃ ለመሰብሰብ ይረዳል። ነገር ግን ካሣ ለማግኘት ወንጀሉን መጀመር ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ሽማግሌ ያበዛል እንጂ ገንዘቡን አያፋጥንም። የሥራና ክህሎት ቢሮው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ግን ሌላ ነው። እርሱ ጋ በጽሑፍ አቤት በሉ፤ መጥቶ ያየውን የሚጽፈው ሪፖርት ለሁለቱም ክስ ማስረጃ ይሆናል። አቤቱታው የገባበትን ማኅተምና ቀን የያዘ ግልባጭ ሳትይዙ አትውጡ።

አሁን ወደ ሰዓቱ፤ ይህን በጥሞና አንብቢው። በሥራ ክርክር ውስጥ የሚገድለው ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ማለፍ፣ ነው። አጠቃላዩ የይርጋ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ ግን በስድስት ወር ይታገዳል፤ ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያም በስድስት ወር፤ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚለው ጥያቄ በሦስት ወር ብቻ። የወር በወር የጉዳት ክፍያው በየትኛው ይታያል ብለን ችሎት ውስጥ ከምንከራከር፣ ከሁሉም አጭሩን ይዤ እቆጥራለሁ፦ ከጥር 6 ስድስት ወር ሐምሌ 6 ነው። ለእኔ ያ የመጨረሻው ቀን ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለክረምት እረፍት ይዘጋል። ከውል ውጭ ያለው የካሣ ክስ ሁለት ዓመት አለው፣ ስለዚህ እርሱ ትንሽ መተንፈሻ ይሰጣል።

ይርጋን የሚያቋርጡ ነገሮች አሉ። ክስ ማቅረብ አንዱ ነው። ሕጉን ለሚያስፈጽመው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት ሌላው፤ በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ያቆመዋል። አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑም ያቋርጠዋል። «ሕክምናህን ጨርስ፣ እናስብልሃለን» የሚለው የስልክ ድምፅ ግን ምንም አያቋርጥም። ስንቱ ሠራተኛ በዚህች ቃል ዓመቱን አሳልፎ መጥቶ ቢሮዬ ውስጥ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ባለቤቱ ደግ ሰው ከሆነ ደግነቱን በወረቀት ያድርገው።

ክሱ በአዲስ አበባ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ሕጉ በ60 ቀን ውስጥ ይወሰን ይላል፤ ቦርድ ሲታዘዝ ግን ከዚያ እንደሚረዝም አስባችሁ ግቡ። የተሸነፈ ወገን በ30 ቀን ይግባኝ ይላል። ከውል ውጭ ያለውን ክስ በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ችሎት ስታቀርቡ የዳኝነት ይጠየቃል፤ መክፈል ካልቻለ በደሃ ደንብ እንዲከስ መጠየቅ ይቻላል፣ ለዚያም ከወረዳው የገቢ ሁኔታውን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ የሥራ ክርክር ማመልከቻ በብዛት ይጽፋሉ።

ሥራውስ? ባለቤቱ በቃል አላባረረውም፣ ቦታው ላይ ግን ሌላ ሰው ተቀምጧል። ወንድምሽ «ሐኪም እንደፈቀደልኝ እጄ የሚችለውን ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ ይጻፍና በአደራ ደብዳቤ ይላክለት፤ ደረሰኙን ይያዝ። መልሱ ወይም ዝምታው ሥራው የተቋረጠበትን ቀን ለማወቅ ይጠቅመናል። በዘላቂ ጉዳት ምክንያት መሥራት እንደማይችል በቦርድ ተረጋግጦ ውሉ ከተቋረጠ የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ለሦስት ዓመት 9,000 ሲደመር 3,000 ሲደመር 3,000፣ 15,000 ብር። ይህ ከጉዳት ካሣው ጋር የሚቀላቀል አይደለም።

አንድ ነገር ከቤተሰብ ወገን ልጠይቅሽ። ሽማግሌ መላካቸው አይቀርም፤ ምናልባትም የምታከብሯቸውን ሰው ነው የሚልኩት። ሽማግሌን አትመልሱ፣ አክብራችሁ ተቀበሉ። ስምምነት መጥፎ ነገር አይደለም፤ እኔም ከያዝኳቸው ጉዳዮች ብዙዎቹን በስምምነት ነው የጨረስኩት። ነገር ግን የቦርድ ውጤት ሳይመጣ መስማማት ያልተመዘነ እህል መሸጥ ነው። ሽማግሌዎቹን «ቦርድ ይታይ፣ ከዚያ እንነጋገር፤ እስከዚያ የወር በወሩ ይከፈል» በሏቸው። ክሱም በሽምግልናው ምክንያት አይዘግይ፤ ክስ ቀርቦም መስማማት ይቻላል፣ ስምምነቱም በችሎት ይመዘገባል።

የ20,000ው ብር ነገር ከሆነ፣ ወንድምሽ ችግር ላይ ስለሆነ እምቢ በል አልለውም። ባለቤቱ ሊሰጠው ከፈለገ ይቀበል። ደረሰኙን ግን ባለቤቱ አዘጋጅቶ ያመጣውን አይፈርም። በሌላ ወረቀት እንዲህ ብሎ ራሱ ይጻፍ፦ «ጥር 6 ቀን በሥራ ላይ ለደረሰብኝ ጉዳት ከሚከፈለኝ ላይ 20,000 ብር ተቀብያለሁ።» ባለቤቱም ይፈርምበት፤ ያች ፊርማ ሠራተኛው መሆኑንም፣ በሥራ ላይ መጎዳቱንም፣ ቀሪ ዕዳ መኖሩንም በአንድ ጊዜ የምታሳምን ናት። ካልፈረመ ብሩን በቴሌብር ይላክለት። ጽሑፉ በግራ እጅ ስለሚጻፍ ጠማማ ይሆናል፤ ይሁን፣ ለማንም አያስገልብጠው።